ከሮስኮ በኋላ መሞት

ኢላም ስታምፐር ተቀብሮ፣ ለቀስተኛው ገና ከማዕድ ሳይነሳ፣ ልጁ ሮስኮ የመሬት መለኪያ ሰንሰለት ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ማሳው ወረደ። የሚስቱ ወንድም የሰንሰለቱን ጫፍ ይዞ ይከተለዋል። ቨርዲ ሳህን እያጠበች በማድ ቤቱ መስኮት አየቻቸው። ሮስኮ የቀብር ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል፤ ሰንሰለቱ በተዘረጋ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ችካል ይተክላል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ አፈር ከተመለሰበት ሦስት ሰዓት አልሞላውም።

ቨርዲ የኢላም ሁለተኛ ሚስት ናት። ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የእንጀራ ልጇ ሮስኮ የሚያንሳት በአራት ዓመት ብቻ ነው። ከኢላም ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለውን ባሏን ስታገላብጥ፣ የበቆሎ ገንፎ በአሬራ አቅጥና በማንኪያ ስታጎርስ፣ አንሶላ ስታጥብ ነው ያሳለፈችው። በእነዚያ ዓመታት ሮስኮ እሑድ እሑድ ብቅ ይልና መቃኑን ተደግፎ "እንዴት ነው?" ብሎ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ይመለስ ነበር። እህቱ ኔቫ ኦሃዮ አግብታ ርቃ ስለነበር ሸክሙ የቨርዲ ብቻ ነበር። እሷም አላማረረችም። ኢላም ዝምተኛ ደግ ሰው ነበር፤ ትወደው ነበር።

ሮስኮ ልኬቱን ጨርሶ ተመለሰ። የጫማውን ጭቃ ሳይጠርግ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሳህኑ ላይ ባቄላና የበቆሎ ቂጣ ቆልሎ እየበላ፣ ለማንም የማይመስል ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

"ከቤቱ ጀርባ ያለችው ኮረብታ ጥሩ የትምባሆ መሬት ናት። አባዬ ለምን ጦም እንዳሳደራት አይገባኝም። እጄ በገባች በመጀመሪያው ጸደይ አርሳታለሁ። ያቺን ድንጋይ ማንሳት ብቻ ነው።"

ያቺ ድንጋይ ያላት የአሳ መቃብር ናት። አሳ የቨርዲና የኢላም ብቸኛ ልጅ ነበር፤ አምስት ወር ኖሮ ትክትክ ወሰደው። ኢላም ከጅረቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ አውጥቶ፣ በሚስማር ጭሮ ስሙን ጽፎ፣ ኮረብታው ላይ፣ ዳር ዳሩን ከቆሙት ዎልነት የሚባሉ ዛፎች አጠገብ አቆመለት። የሮስኮ ሚስት እሲ እጇን ባሏ ክንድ ላይ አደረገች፤ ክንዱን ነጠቃት። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ቨርዲ ዞሩ። እሷ የያዘችውን ሳህን አድርቃ መደርደሪያው ላይ አኖረችና ሌላ አነሳች። ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ የከረመችው ሴት እንባዋ በዚያች ደቂቃ ደረቀ፤ ሰውም ተጽናናች ብሎ አሰበ።

ኑዛዜው ሰኞ ዕለት በከተማው ጠበቃ በሚስተር ፐርሰል ቢሮ ተነበበ። አጭር ነበር። ርስቴን ባለቤቴ ቨርዲ እስከ ዕለተ ሞቷ ትኑርበት፣ ትጠቀምበት። ከእሷ በኋላ ልጄ ሮስኮ በዚያን ቀን በሕይወት ካለ ለእሱ ይሁን። ከሌለ ግን ለልጄ ለኔቫ ልጆች ይሁን። ይኸው ነው። ሮስኮ "ለእሱ ይሁን" የሚለው ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አንስቶ ቆመ፤ የቀረውን የሰማው በአንድ ጆሮው ነው። ደረጃው ላይ ቨርዲን ጠብቆ፣ አባዬ ቤቱን አከራይቶሽ ነው የሄደው፣ ኪራዩም ዕድሜሽ ነው፣ እኔ እንደሆነ መጠበቅ አያቅተኝም አላት።

ቨርዲ ወደ ቢሮው ተመልሳ ገባችና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቃል በቃል እንዲያስረዳት ጠበቃውን ለመነችው። ፐርሰል ረጋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ ሽማግሌ ነው። መሬት በአጥር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ይከፈላል አላት። በአንድ ማሳ ላይ የዛሬ ባለቤትና የነገ ባለቤት ሊኖር ይችላል። የዛሬው የእሷ ነው፤ ሕጉ አላባ ይለዋል። ትንፋሿ እስካለ ማንም አያስነሳትም፤ ብታርስ፣ ብታጭድ፣ ብታከራይ መብቷ ነው። ግን የነገው ባለቤት የሚረከበውን ነገር ማጉደል አትችልም፤ የቆመ ዛፍ ቆርጣ ብትሸጥ ወይም ቤት ብታፈርስ ትከሰሳለች።

"ሮስኮስ ዛሬ ምን አለው?" አለች።

"ተስፋ አለው። እሱም 'በሕይወት ካለ' በሚል ቃል የታሰረ።"

"ከእኔ በፊት ቢሞትስ?"

"ያን ጊዜ ከመጀመሪያውም ምንም እንዳልነበረው ይቆጠራል። ለሚስቱም ለማንም አያወርሰውም። በቀጥታ ወደ ኔቫ ልጆች ይሄዳል።"

ቨርዲ ይህን ሰምታ የካፖርቷን ቁልፎች ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች። "እንግዲያውስ ያለብኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፣ ሚስተር ፐርሰል" አለች። "ከሮስኮ በኋላ መሞት።"

ጠበቃው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

እሷ ግን ሥራ አድርጋ ያዘችው። ከልጅነቷ የለመደችውን ሱረት በዚያው ሳምንት ተወች። የተበላሹ ጥርሶቿን አስነቀለች። መሰላል መውጣት አቆመች፤ ጎተራው ጣሪያ ሥር ትምባሆ የሚሰቅል ሰው ቀጠረች። በረዶ በጣለ ቁጥር በረንዳው ደረጃ ላይ አመድ ትበትናለች። ቅጠላ ቅጠል ትበላለች፣ ቅቤ ትቀንሳለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትተኛለች። ሸለቆው ውስጥ የሮስኮን ጤንነት እንደ እሷ የሚከታተል አልነበረም። ቤቱ ከእሷ መሬት በላይ፣ ከእናቱ በወረሰው እርሻ ላይ ነው፤ ጭስ ማውጫው ከበረንዳዋ ይታያል። ሱቅ ስትሄድ ሳል ይዞት እንደሆነ፣ ወገቡን ያመው እንደሆነ፣ ውስኪ አብዝቶ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ጉንፋን ያዘው ካሏት ዱቄቷን ተሸክማ ስትመለስ ዳገቱ ይቀላታል። ሰባኪው አንድ እሑድ ለብቻዋ ጠርቶ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው እህቴ፣ ይቅር በዪ አላት። መጀመሪያ እሱ ይሙት፣ ከዚያ እናወራለን ብላው ሄደች።

ሮስኮም አልተኛም። በየመከሩ በአጥሯ ዙሪያ እየተዘዋወረ የዎልነት ዛፎቹን ይቆጥራል። እንጨታቸው ጥቁር ሆኖ ውድ ዋጋ የሚያወጣ፣ አያቱ የተከላቸው ዛፎች ናቸው፤ አርባ አንድ ነበሩ። በአራተኛው ዓመት መከር ቆጥሮ አርባ አገኘ። ነፋስ የጣለውን አንዱን ቨርዲ አስፈልጣ፣ ሳንቃ አስወጥታ፣ የጎተራውን የበሰበሰ ወለል አስጠግና ነበር። ሮስኮ ግንዱን አይቶ በዚያው ቀን ከተማ ወረደ፤ ርስቴን አጠፋች፣ ሌባ ናት፣ አላባዋ ይሰረዝልኝ ብሎ ከሰሳት።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ክስ በእኛ አገር ከሰርከስ ይበልጣል። ሮስኮ ተነስቶ ሌባ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደገመው። ዳኛው ቨርዲን እንጨቱ የት እንደደረሰ ሲጠይቋት፣ የጎተራው ወለል ሆኗል፣ ተነስተው ይዩት አለች። ዳኛው ሸሪፉን ላኩ። ሸሪፉ ሳንቃዎቹን ቆጠረ፤ ቁርጥራጩ የዶሮ ቤት ግድግዳ ሆኖ፣ ሰጋቱራው ከላሟ ሥር ተነጥፎ አገኘ። አንዲት ጣት የምታህል እንጨት ከግቢው አልወጣችም። ነፋስ የጣለውን ዛፍ ለዚያው ርስት ጥገና ማዋል የባለ አላባ መብት ነው ብለው ዳኛው ክሱን ዘጉት። ሰው ሳቀ። ሮስኮ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ወጣ።

ቨርዲ ለድሉ አንድ ደቂቃ አላባከነችም። ከችሎቱ ደጃፍ ፐርሰልን ይዛ ጠየቀችው። ሮስኮ ከቤቱ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣው በእኔ ግቢ ነው። ይህ መንገድ የማን ነው? ፐርሰል ጥያቄው ወዴት እንደሚያመራ ስለገባው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ከዚያ፣ አባቱ በቃል የሰጠው ፈቃድ ነበር፣ ፈቃድ ደግሞ ከሰጪው ጋር ይሞታል አላት።

"ስለዚህ የዛሬው የእኔ ነው።"

"የዛሬው የእርስዎ ነው። ግን ወይዘሮ ስታምፐር፣ ሕግ የፈቀደው ሁሉ አይደረግም።"

"እኔ ላይ ሲደረግ ነው የከረመው" አለችና፣ እዚያው ከተማ ከብረታ ብረት መደብር ሰንሰለትና ቁልፍ ገዛች።

በማግስቱ ሮስኮ ትምባሆውን በጋሪ ጭኖ ለገበያ ሲወርድ በሩ ተቆልፎ ጠበቀው። ሌላው መውጫ በጅረቱ ሥር ለሥር የሚሄድ አራት ማይል ድንጋያማ መንገድ ነው። ያን ቀን አንደኛው ጎማ ተሰበረበት፤ ግማሹ ትምባሆ ውሃ ውስጥ ገባ። ቨርዲ በረንዳዋ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ከርቀት አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ለሐኪሙ፣ ለፖስተኛው፣ ለሰባኪው፣ ለመጣው ሁሉ ትከፍታለች፤ ለሮስኮ ብቻ አትከፍትም።

ለእሲ ትከፍት ነበር። እሲ ልጅ ያልወለደች፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቀናት ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል ይዛ ትመጣና ከቨርዲ ጋር ቁጭ ብለው ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፤ አንዳቸውም የሮስኮን ስም አያነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ እሲ መርፌዋን አቁማ፣ ለእኔ ስትዪ ለእሱም ክፈቺለት አለቻት። ቨርዲ፣ ለአንቺ ተከፍቷል፣ ለአንቺ ስል የማደርገው ይኸው ነው ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እሲ ሁለተኛ አላነሳችውም።

እንዲህ ሰባት ዓመት ሄደ። በሰባተኛው ዓመት የካቲት እሲ የሳንባ ምች ይዟት በአምስት ቀን ውስጥ ሞተች። መቃብሩ ከቨርዲ እርሻ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነው። ጅረቱ ሞልቶ ነበር። በቀብሩ ጠዋት ሮስኮ ራሱ ወደ በሩ ወረደ። ከችሎቱ ወዲህ ቃል ሲለዋወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን በጭነት መኪናው ላይ አድርገው ከኋላው ቆመዋል።

"በጅረቱ በኩል ሬሳ አይወጣም፣ ቨርዲ" አላት።

"አውቃለሁ። በሩ ለእሲ ክፍት ነው። ለተሸካሚዎቹም፣ ለሰባኪውም፣ ለሚቀብራት ሁሉ።" ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። "ለአንተ አይደለም።"

"ባሏ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ እባክሽ ቨርዲ፣ ለዛሬ ብቻ አላት። እሷ ሰንሰለቱን ፈትታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ ሮስኮ ፊት ለፊት እጇን አጣምራ ቆመች። ገፍቷት ቢያልፍ የሚይዘው አልነበረም። ለእሱ የአባቱ መሬት ነው፤ ገፍቶ ቢያልፍ ግን ለምኖ መከልከሉን ሰው ሁሉ ያያል፣ ቢመለስም ያያል። ተሸካሚዎቹን ሂዱ አላቸው፤ በቅሎውን ጭኖ በጅረቱ በኩል ዞረ።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ መዝሙሩ አልቆ አፈሩ ግማሽ ተመልሷል። ሱሪው እስከ ወገቡ ርሶ ይንጠባጠባል። ቨርዲ ከጉድጓዱ ማዶ ቆማ አየችው፤ ደስታው እንደ ሞቀ ማር በጉሮሮዋ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ጣዕም በሕይወቷ አታውቅም ነበር። ዘወር ስትል በግራና በቀኟ የነበሩት ሴቶች ራቅ ራቅ ብለው ቆመዋል። ለለቀስተኛው የጋገረችውን የፖም ኬክ ማንም ሳይቆርሰው ይዛው ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሸለቆው ውስጥ ቡና ጠጪ የሚላት አልነበረም። አልተጸጸተችም። ቅዳሜዎች ግን ረዘሙባት፤ ያልተጨረሰውን ብርድ ልብስ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፣ ደግማ አላወጣችውም።

ሮስኮ ብድሩን የመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከጎረቤት አውራጃ አንድ የእንጨት ነጋዴ ነበር፤ ሆባርት ክሪስፕ የሚባል፣ ፊቱ ክብ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው። ሮስኮ በርስቱ ላይ ያለውን የነገ መብት በሙሉ ለእሱ ሸጠለት። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሮስኮም ገንዘቡ አልነበረም የፈለገው። ሱቅ ተቀምጦ፣ እኔ ባልደርስበትም ክሪስፕ ዛፎቹን ነቅሎ፣ ኮረብታውን እስከ ድንጋዩ ገልብጦ በትራክተር ይከምረዋል እያለ አወራ። ወሬው በደረሳት ቀን ቨርዲ ያኔውኑ ወደ ፐርሰል ቢሮ ወረደች።

"ሰው የሌለውን አይሸጥም" አላት ፐርሰል። "ክሪስፕ የገዛው ሮስኮ የነበረውን ነው። ያቺ 'በሕይወት ካለ' የምትለዋ ቃል አብራ ተሽጣለች። ሮስኮ ከእርስዎ ቀድሞ ከሞተ ክሪስፕ የገዛው ወረቀት ነው።"

"ክሪስፕ ይህን ያውቃል?"

"ያነበበው አልመሰለኝም።"

እውነትም አላነበበም። በመጀመሪያው የገና በዓል ብርቱካን በቅርጫት ይዞ ቨርዲን ሊጠይቅ መጣ። አክስቴ ቨርዲ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ልብዎን አያምዎትም፣ ደረጃው አያደክምዎትም እያለ ዓይኑ ከመስኮቱ ውጭ ዛፎቹ ላይ ነበር። ቨርዲ በጣም ደህና ነኝ አለችው፤ አንዱን ብርቱካን ልጣ በላች፣ ሌሎቹን ለላሟ ሰጠች። በሦስተኛው ዓመት ብርቱካኑ ቀረ። የራሱ ጠበቃ ወረቀቱን አንብቦለት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለቨርዲ መራራ ነበር፤ ለሸለቆው ግን መሳቂያ ሆነ። ክሪስፕ እንክብካቤውን ወደ ሮስኮ አዞረ። በየክረምቱ አዲስ ካፖርት ይገዛለታል። ከተማ ወስዶ ልቡን ያስመረምረዋል። ምድጃውን አስለወጠለት፣ ውስኪውን እየደበቀ ወተት ያስጠጣዋል። ሮስኮ በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ የተንከባከበው ሰው አልነበረም፤ ስድሳ ዓመት አልፎት ጉንጩ ሞላ። ቨርዲ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የክሪስፕ መኪና በጅረቱ በኩል እየተንገጫገጨ ሲወጣ ስታይ፣ አሁን የምታገለው ሁለት ሰው ነው ትል ነበር። እሷም ጠዋት ጠዋት ግቢውን ሁለት ጊዜ መዞር ጀመረች።

ፐርሰል ሞተ፤ ልጁ ቢሮውን ያዘ። ኔቫም ኦሃዮ ውስጥ ሞተች፤ ዊልማ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። ሁለቱ ግን አልሞቱም። ቨርዲ ሰባ ዘጠኝ፣ ሮስኮ ሰባ አምስት ሞላቸው።

በዚያ ዓመት በጥቅምት፣ አንድ ጠዋት የሮስኮ ጭስ ማውጫ አልጨሰም። ውጭው ውርጭ ነበር። ቨርዲ አየችና ቁርሷን ሠራች፤ እንቁላል ጠበሰች፤ ከበላች በኋላ ደግማ ጠበሰች። ክሪስፕ በዚያ ሳምንት ዓሣ ሊያጠምድ ፍሎሪዳ እንደሄደ ፖስተኛው ነግሯታል። በሁለተኛው ቀን ጠዋትም ጭስ የለም። በረንዳው ላይ እስከ ረፋድ ተቀመጠች። ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ በሩን ከፍታ ዳገቱን ወጣች። ለምን እንደሄደች በኋላ ሲጠይቋት ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ትል ነበር። እግሯ የሮስኮን መሬት ከረገጠ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል።

ማድ ቤቱ ወለል ላይ በጎኑ ወድቆ አገኘችው። ዳሌው ተሰብሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቹ ግን ንቁ ናቸው።

"ሞቼ እንደሆነ ልታዪ ነው?" አላት።

"አዎ።"

"ገና ነኝ።"

ወንበር ስባ ከአጠገቡ ተቀመጠች። የምትለውን ሠላሳ አራት ዓመት ስታዘጋጀው ኖራለች፤ ልብስ ስታጥብም፣ ላም ስታልብም። ሳትቸኩል ተናገረችው።

"ከእኔ በፊት ልትሞት ነው፣ ሮስኮ። ርስቱ ለኔቫ ልጅ ይሄዳል። ክሪስፕ ባዶ እጁን ይቀራል። ኮረብታዋንም ማንም አያርሳትም።"

"የቷን ኮረብታ?"

ያሾፈ መሰላት። "የአሳን ነዋ። አባትህን በቀበርንበት ቀን፣ ማዕድ ላይ፣ ድንጋዩን አንስቼ አርሳታለሁ ያልካትን።"

ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "እኔ እንደዚያ ብያለሁ?"

ፊቱን መረመረችው። ያን ፊት በዓለም ላይ እንደ እሷ ያጠናው የለም፤ ሲዋሽ የግራ ዓይኑ ጠበብ እንደሚል ታውቃለች። አልጠበበም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ስትሰማ አድጋለች፤ ወጊው እውነት ይረሳል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

"ብለሃል" አለች።

"ልል እችላለሁ። አፌ ክፉ ነበር።" ምራቁን ለመዋጥ ታገለ። "እኔ የማስታውሰው እሲን ነው። ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። ሣጥኑን እንኳ አላየሁትም። ለክሪስፕ የሸጥኩት በዚያ ቂም ነው። የምን ኮረብታ?"

ሮስኮ ውሃ ስጪኝ አለ። ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት። ከባልዲው በኩባያ ቀዳች፣ ተንበረከከች፣ እጇን ከማጅራቱ ሥር አስገብታ ቀና አደረገችው፤ አባቱን አራት ዓመት እንዲህ ስታጠጣ ስለኖረች እጇ ሥራውን ያውቀዋል። እንዳያንቀው በትንሽ በትንሹ ሰጠችው። ክሪስፕ የገዛለትን ካፖርት ከምስማሩ አውርዳ አለበሰችውና፣ ወጥታ ዋናው መንገድ ዳር ፖስተኛው እስኪመጣ ቆመች። አምቡላንሱ በእሷ በር ገብቶ በእሷ በር ወጣ።

ሮስኮ ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሞተ። ልትጠይቀው አልሄደችም። ዜናውን የነገራት ሰባኪው ነው፤ አዲሱ፣ ወጣቱ። እሑድ ዕለት ስሟን ሳይጠራ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሰበከ፤ ሰዎችም ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጨበጡ። ያን ያህል የተናደደችበት ቀን አልነበረም። እኔ የሄድኩት ልነግረው ነው፣ ሳይሰማ እንዳይሞትብኝ ነው እያለች ለየአንዳንዳቸው አስረዳች። ማንም አላመናትም።

ክሪስፕ ከፍሎሪዳ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰ። ወረቀቱን ይዞ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠ፤ ጠበቃው ምንም እንደሌለው ነግሮት ነበር የመጣው።

"በየክረምቱ ካፖርት ገዛሁለት፣ አክስቴ ቨርዲ" አላት።

"ጥሩ ካፖርት ነበር" አለችው።

ዊልማ ከዴይተን መጣች። ማቀዝቀዣ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ እጇ ሰፋ ያለ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። የፐርሰል ልጅ፣ አሁን ያቺ "ካለ" የምትል ቃል ስለወደቀች የነገው ባለቤት አንቺ ብቻ ነሽ አላት። ቨርዲ ከእሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። ሁለቱም ፈርመው ኮረብታው ላይ ሩብ ሄክታር የማትሞላ ቦታ ለዘላለም መቃብር ሆና እንድትቀር በመዝገብ አስገቡ፤ ማንም ቢገዛ አይነካትም። ዊልማ ከፈረመች በኋላ ልቧ ያለውን ሳትደብቅ ተናገረች፤ እርሻ አላውቅም፣ እርስዎ ሲያልፉ የቀረውን እሸጠዋለሁ አለች። ሽጪው፣ ለፈለግሽው ሽጪው አለቻት ቨርዲ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ወደ ሱረቷ ተመለሰች፣ ቅቤም መብላት ጀመረች።

ዊልማ በየበጋው እየመጣች ሳምንት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ባቄላና የበቆሎ ቂጣ እየበሉ፣ ለረጅም ጊዜ ስታብሰለስለው የኖረችውን ጠየቀች።

"እውነቱን ይንገሩኝ፣ እማማ ቨርዲ። አጎቴ ሲሞት ደስ አለዎት?"

ቨርዲ ቂጣዋን መረቁ ውስጥ ነክራ አስባ መለሰች።

"ሁለት ቀን ያህል" አለች። "ከዚያ ላሟ ታመመችብኝ።"